ዘግይቶ የሚደርስ ብርሃን፣ ዘግይቶ የሚደርስ ዓይን

የሀርጌሳ አየር ማረፊያ ከከተማዋ በስተደቡብ፣ ሰማዩ ያለ ከልካይ በሚታይበት ገላጣ ሜዳ ላይ ይገኛል። ስሙን ያገኘው በ2002 ካረፉት ከፕሬዚዳንት መሐመድ ኢብራሂም ኢጋል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደኝን አውሮፕላን ስጠብቅ፣ ጢማቸው በሂና የቀላ አንድ ሽማግሌ ከአጠገቤ ተቀምጠው ነበር። አማርኛቸው የሐረርን ለዛ የያዘ ነው፤ የተማሩትም በስደት ዘመናቸው እንደ ሆነ አጫወቱኝ። ጥቂት ቆይቶ አንድ አውሮፕላን ለማረፍ ዝቅ ሲል፣ በመጠበቂያው ያለው ሰው፣ ይልቁንም ሕፃናቱ፣ ወደ መስኮቱ ተሽቀዳደሙ። ሽማግሌው ግን ዓይናቸውን ከወለሉ አላነሡም። «አዴር፣ አውሮፕላን ማየት አይወዱም?» አልኳቸው፤ ሶማሌዎች አጎትን በሚጠሩበት የአክብሮት ቃል።

«ልጄ» አሉኝ፤ «በዚያ ዘመን እኛ ወደ ሰማይ ቀና የምንለው ዝናብ ፈልገን አልነበረም። አንገት የለመደውን አይረሳም።»

በዚያች ሰዓት በእጄ ይዤው የነበረው ጽሑፍም ስለ ሰማይ ነበር፤ ግን ስለ ሌላ ሰማይ። ከምድር አየር በላይ የሚዞሩ ቴሌስኮፖች የጋማ ጨረር ፍንዳታን እንዴት እንደሚመለከቱ የሚያትት ነበር። አጥፌ ወደ ኪሴ ከተትኩት። የሽማግሌው ቃልና የጽሑፉ ነገር ግን በአሳቤ ውስጥ ተጋጠሙ፤ ከመጋጠማቸውም አንድ ጥያቄ ተወለደ። ማየት ዕዳ ያመጣልን? ያየ ሰው፣ ዘግይቶም ቢሆን ያየ ሰው፣ ባየው ነገር ይጠየቃልን? ወይስ ርቀትና መዘግየት ከዕዳው ነጻ ያወጡታል?

ወደ መልሱ እንድንቃረብ አስቀድመን የሰማዩን ነገር እንመልከት። ጋማ ጨረር ዓይናችን ከሚያየው ብርሃን ጋር ዘሩ አንድ ነው፤ የሚለየው በኃይሉ ብርታት ነው። የምድር አየር ውጦ ስለሚያስቀረው፣ ከሰማይ የሚመጣውን ጋማ ጨረር በቀጥታ ለማየት መሣሪያውን ከአየር በላይ ማውጣት ግድ ይላል። የሰው ልጅ ይህን ሲያደርግ ግን በመጀመሪያ የገፋፋው የከዋክብት ፍቅር ብቻ አልነበረም። በ1963 አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረትና ብሪታንያ በአየር፣ በሕዋና በውኃ ውስጥ የኑክሌር ሙከራ እንዳይደረግ በሞስኮ ተዋዋሉ። ውል ባለበት ጥርጣሬ አለ። አሜሪካ ቬላ የተባሉ ሳተላይቶችን ጥንድ ጥንድ አድርጋ ወደ ሕዋ ላከች፤ ከተግባራቸው አንዱ፣ ማንም በስውር ቦምብ ቢያፈነዳ ጋማ ጨረሩን ይዞ ማሳበቅ ነበር።

ጁላይ 2 ቀን 1967 ቬላዎቹ አንድ ብልጭታ መዘገቡ። ጠባዩ የቦምብ አልነበረም። በሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ የነበሩት ሬይ ክሌብሳደልና ባልደረቦቹ መዝገቡን ለዓመታት አገላበጡ። ተመሳሳይ ብልጭታዎች ሲበዙ፣ ጨረሩ አንዱን ሳተላይት ከሌላው በምን ያህል ቅጽበት ቀድሞ እንደ ነካ እያሰሉ አቅጣጫውን ፈለጉ፤ ምንጩም ምድር ወይም ፀሐይ አለመሆኑን አረጋገጡ። በ1973 እንዲህ ያሉ 16 ፍንዳታዎችን ለዓለም አሳወቁ። የጎረቤትን ክፋት እንዲሰልል የተሠራ ዓይን፣ ሳያስበው የከዋክብትን ሞት አየ።

ዛሬ እንደሚታወቀው፣ ከረጃጅሞቹ ፍንዳታዎች የሚበዙት አንድ ግዙፍ ኮከብ ነዳጁን ጨርሶ በገዛ ክብደቱ ወደ ውስጥ ሲናድ የሚወለዱ ናቸው። አጫጭሮቹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች ተዟዙረው ሲጋጩ የሚፈጠሩ ናቸው። ይህን ለማወቅ ግን ረጅም ዘመን ፈጅቷል፤ ብልጭታው ሥፍራው በትክክል ሳይለይ ይጠፋ ነበርና። መንገዱ የተከፈተው በ1997 ነው። ቤፖሳክስ የተባለችው የጣሊያንና የሆላንድ ሳተላይት ፌብሩዋሪ 28 ቀን አንድ ፍንዳታ መዘገበች፤ ከሰዓታት በኋላም ወደዚያው ሥፍራ ዞራ ስትመለከት፣ ከብልጭታው የተረፈና እየደበዘዘ የሚሄድ ፍም አገኘች። በዚያ ፍም ተመርተው ሌሎች ቴሌስኮፖች ሥፍራውን ለዩ። የቤፖሳክስ መልእክት ይወርድ የነበረው በዚሁ በምሥራቅ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ፣ በኬንያዋ ማሊንዲ በሚገኝ ጣቢያ ነበር። እሳቱ ቢያልፍም ፍሙ ለመጣ ሰው ይናገራል፤ ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁና።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ኖቬምበር 20 ቀን 2004፣ ስዊፍት ወደ ሕዋ ወጣች። ስሟ ፈጣን ማለት ነው፤ የአንዲት ፈጣን ወፍም መጠሪያ ነው። የምትዞረው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ እስከ 20 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ጎዳና በመሆኑ፣ የእኛም ምድር ከጎዳናዋ በታች ነው። ስዊፍትን ከቀደሟት የሚለያት አሠራሯ ነው። ሰፊውን ሰማይ የሚጠብቀው መሣሪያዋ ብልጭታ ሲያገኝ፣ ማንንም ሳትጠይቅ፣ በዕለቱ የተመደበላትን ሥራ አቋርጣ፣ በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ሌሎቹን ቴሌስኮፖቿን ወደዚያው ታዞር ዘንድ ተሠራች። የሥፍራውም አድራሻ በሴኮንዶች ውስጥ ወደ ምድር ይወርድና፣ ወዳጅና ተቀናቃኝ ሳይለይ፣ በዓለም ዙሪያ ላሉ ተመልካቾች ሁሉ ይበተናል። በአንድ አገር ሌሊት ከሆነ የዚያ አገር ሰው፣ በዚያ ደመና ከሆነ የሌላው አገር ሰው ሥራውን ትቶ ይመለከታል። ለሞተ ኮከብ እንዲህ ያለ የእድር ሥርዓት ተሠርቶለታል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ማርች 19 ቀን 2008፣ በእኛ መጋቢት 10 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ስዊፍት እረኛ ተብሎ በሚጠራው የከዋክብት ስብስብ አቅጣጫ አንድ ፍንዳታ መዘገበች። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ በአቅራቢያው ሌላ ፍንዳታ ታይቶ ስለ ነበር፣ በቺሊ ያሉ ካሜራዎች አስቀድመው ወደዚያው ሰማይ ዞረው ነበር፤ ስለዚህም አዲሱን ገና ሲፈነዳ አዩት። ብርሃኑ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ጨለማ ባለበት ሥፍራ ቆሞ ቀና ላለ ሰው ያለ መሣሪያ በዓይን የሚታይ ነበር። ይህ ብርሃን ጉዞውን የጀመረው ከ7.5 ቢሊዮን ዓመት በፊት ነው። የምድራችን ዕድሜ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ያህል ነውና፣ ብርሃኑ መንገድ ሲጀምር ምድር አልነበረችም። በዚያች ደቂቃ በሀርጌሳ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ12 ነበር፤ ፀሐይ ወጥታለች፤ ገበያው ተከፍቷል፤ ብርሃኑን ሊያይ የሚችል ሰው በከተማዋ አልነበረም።

ይህ መዘግየት ነውር የለበትም። ብርሃን ከተሰጠው ፍጥነት በላይ አይሮጥም፤ ኮከቡም ሲሞት የሚደርስለት አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም ነበር። እንዲህ ያለውን የተፈጥሮ መዘግየት ልበለው። ሌላ ዓይነት መዘግየት ደግሞ አለ። ብርሃኑ ደርሶ፣ ዓይኑም ተከፍቶ ሳለ ፊት ሳይዞር ሲቀር የሚመጣው መዘግየት ነው። አማርኛችን «ካላዩበት ዓይን ግንባር ነው» ይላል። ይህን ሁለተኛውን ለመመልከት ወደ አየር ማረፊያው መመለስ አለብን።

ሜይ 1988 ማብቂያ ላይ የሶማሊ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች በመጀመሪያ ወደ ቡርዖ፣ ቀጥሎም ወደ ሀርጌሳ ገቡ። የሲያድ ባሬ መንግሥት የሰጠው መልስ ከተማዋን በመድፍና በአውሮፕላን መደብደብ ነበር። አውሮፕላኖቹ ከሩቅ የመጡ አልነበሩም። ከዚሁ ከከተማዋ አየር ማረፊያ ይነሡና የገዛ ከተማቸውን ደብድበው፣ ተመልሰው አርፈው፣ ዳግም ቦምብ ጭነው ይነሡ ነበር። በሰው ልጅ የጦርነት ታሪክ ውስጥ ከተማ በገዛ አየር ማረፊያዋ የተደበደበችበት ጊዜ ጥቂት ነው። ከተማዋ በአብዛኛው ፈረሰች። ሕዝቧም በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ጎረፈ፤ በጅጅጋ አካባቢ የነበረው የሐርተ ሼክ ካምፕ በ2004 እስኪዘጋ ድረስ በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር ሰው አሳልፏል። ዛሬ በሀርጌሳ መካከል በከፍታ ላይ የቆመው የሚግ አውሮፕላን ሐውልት ይህን ለማያውቅ እንግዳ የሚያስታውስ ነው።

አሁን ሁለቱን ሰማዮች በአንድ ዓመት ውስጥ አስተያዩአቸው። በዚያው በ1988 ጊንጋ የተባለች የጃፓን ሳተላይት በሕዋ ነበረች። ፌብሩዋሪ 5 ቀን አንድ የጋማ ጨረር ፍንዳታ መዝግባ ሊቃውንትን ለብዙ ዓመት አከራክራለች። ጎዳናዋ ከምድር ወገብ ግራና ቀኝ እስከ 31 ዲግሪ ይደርስ ስለ ነበር፣ 9 ዲግሪ ተኩል ላይ ያለችው የሀርጌሳ ኬክሮስ በየዕለቱ ደጋግማ የምታቋርጠው ነበር። ከተማዋ ስትነድድ ጊንጋ ከላይ ሆና የከዋክብትን ብልጭታ ትቆጥር ነበር። ጊንጋን አልከስም፤ ለዚያ አልተሠራችም። ነገር ግን ምድርን እንዲያዩ የተሠሩ የኃያላኑ ዓይኖችም በዚያው ሰማይ ነበሩ።

እኛስ? ኢትዮጵያዊ ሆኜ ይህን ስጽፍ ጣቴን ወደ ሌላው ብቻ ልቀስር አይገባኝም። ኤፕሪል 1988 መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ሲያድ ባሬ አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ ከመርዳት እንዲቆጠብ ተስማምተው ነበር። ሰላም ተባለ። ከዚያ ስምምነት ማግስት ሁለቱም መንግሥታት ክንዳቸውን ወደ ገዛ ሕዝባቸው ዘረጉ። ሀርጌሳ በምትደበደብበት በዚያው ክረምት መግቢያ፣ ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ የደርግ አውሮፕላኖች በትግራይ የሐውዜንን ገበያ በገበያ ቀን ደበደቡ፤ እስከ 2,500 የሚደርስ ሰው እንዳለቀ ይነገራል። ሁለት መንግሥታት እርስ በርስ መተኮስ ሲያቆሙ ጥይታቸው ወደ ቤት ተመለሰ። እኛም በአዲስ አበባ የነበርን ሰዎች የሐውዜንን ጩኸት በጊዜው አልሰማንም፤ የሰማን ደግሞ አልዞርንም።

የዓለም ዓይንስ መቼ ዞረ? በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የተላከው የሮበርት ጌርሶኒ ዘገባ፣ ስደተኞቹን አነጋግሮ የተጻፈው፣ የወጣው በኦገስት 1989 ነው። አፍሪካ ዎች የተባለው የሰብዓዊ መብት ድርጅት ከ50,000 እስከ 60,000 የሚደርስ ሰላማዊ ሰው መገደሉን ገምቶ ሰፊውን ዘገባውን ያወጣው በጃንዋሪ 1990 ነው። ከሐርተ ሼክ እስከ ዋሽንግተን ብርሃን ለመጓዝ ከሴኮንድ ክፋይ በላይ አይፈጅበትም። ዘገባው ግን ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ። አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፤ አልሸሸውም። «የኮከብና የከተማ ሞት ምን አገናኛቸው? ለኮከቡ ለመዞር ቁልፍ መጫን ይበቃል። ለከተማው መዞር ግን ፖለቲካ ነው፤ ገንዘብ ነው፤ አንዳንዴም ደም ነው» የሚል። እውነት ነው። እንዲያውም ተቃውሞው ተቃዋሚው ካሰበው የበለጠ ይናገራል። ለኮከቡ ፈጥነን የምንዞረው ኮከቡ ከእኛ ምንም ስለማይፈልግ ነው። የሞተ ኮከብ መጠለያ አይለምንም፤ ድንበራችንን አያንኳኳም፤ «ያን ጊዜ የት ነበርክ?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀን ዓይናችንን ብቻ ነው። ሰው ግን የታየ እንደ ሆነ ይጠይቃል። ስለዚህ ከሰው ፊታችንን የምናዞረው ሳናየው ቀርተን ሳይሆን፣ ካየነው በኋላ የሚመጣውን ዕዳ አስቀድመን ስለምናውቅ ነው። አለማየታችን ብዙ ጊዜ የድንቁርና ሳይሆን የሒሳብ ሥራ ነው።

እንግዲህ ሰማይን ማየት ከንቱ ነው፣ ቴሌስኮፑ ይሰበርና በዋጋው ስንዴ ይገዛ እንበልን? አይደለም። በእኔ አስተያየት ስዊፍት የሰጠችን ትልቁ ነገር ስለ ከዋክብት ያወቅነው ብቻ አይደለም፤ ስለ ራሳችን የገለጠችውም ነው። የሰው ልጅ በእጁ ያለውን ሥራ ትቶ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መዞር ይችላል። ያየውን ሳይሸጥና ሳይደብቅ ለሁሉ ማካፈል ይችላል። ድንበርና ቋንቋ ሳይለየው ተራ ገብቶ መጠበቅ ይችላል። «አይቻልም ነበር» የሚለውን ማመካኛ ከእጃችን የወሰደችብን እርሷ ናት።

ያም ቢሆን መዞር የሚቻለው በመሣሪያ ብቻ አይደለም። በዚያው በ1988 ሰላማዊ ሕዝብ እንዲደበድብ የታዘዘ አንድ የሶማሊያ አየር ኃይል አብራሪ ትእዛዙን እምቢ ብሎ ሚጉን ወደ ጅቡቲ አዞረ። ስለ ሳተላይት እንደሚባለው፣ የተመደበለትን ሥራ አቋርጦ አቅጣጫውን ለወጠ። ከታች ያለውን አይቷል፤ ዕዳውንም አውቋል፤ ዕዳው ሥራውን፣ አገሩንና ምናልባትም ሕይወቱን ሊያስከፍለው እንደሚችል እያወቀ ዞሯል። ኮከብ የሚመለከት ሰው ይህን ያህል አይከፍልም። በዚያ ሰማይ ውስጥ ካለፉት ዓይኖች ሁሉ ለእኔ የርሱ ዓይን ይበልጥብኛል።

በጊዜው ያልዞረ ሰውስ? ይህ የአብዛኞቻችን ጥያቄ ነው፤ አብዛኞቻችን ዘግይተን የደረስን ነንና። ፍሙን በልብ ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነበር። ቤፖሳክስ የመጀመሪያውን ፍም ባገኘችበት በዚያው በ1997፣ በሀርጌሳ የጣለ ኃይለኛ ዝናብ የጅምላ መቃብሮችን ሸርሽሮ አጥንቶችን ወደ ብርሃን አወጣ። ሰዎች መጡ፤ ቆጠሩ፤ መዘገቡ። በኋላ ዓመታት ከፔሩ ድረስ የመጡ የአጥንት መርማሪዎች ከአገሬው ጋር ሆነው እየቆፈሩ ሟቾቹን ለመለየት ደክመዋል። ፔሩ ሩቅ ናት፤ መርማሪዎቹም በገዛ አገራቸው መቃብር ቆፍረው ሥራውን የተማሩ ናቸው። ዘግይቶ መምጣት የሞተውን አያስነሣም፤ መዘግየቱንም ይቅር አያሰኝም። ነገር ግን ዘግይቶ የመጣ ዓይን የሚሠራው ሥራ አለው፤ እሳቱ የት እንደ ነደደ፣ መቼ እንደ ነደደና ማን እንደ ለኮሰው ከፍሙ ማንበብ። ዘግይቶ ደርሶ ይህንንም እምቢ ያለ ሰው ሁለት ጊዜ ዘገየ።

ስለዚህ ለጥያቄዬ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ማየት ዕዳ ያመጣል። ርቀት የዕዳውን ዓይነት ይለውጠዋል እንጂ አይሰርዘውም። ልንደርስለት በምንችለው ነገር ላይ ዕዳችን መድረስ ነው፤ ልንደርስለት በማንችለው ነገር ላይ ዕዳችን በትክክል መመዝገብ ነው። ትልቁ ነውር ሁለተኛውን በመጀመሪያው ሥፍራ ማስቀመጥ ነው፤ መድረስ ስንችል ቆመን መመዝገብ።

ወደ አየር ማረፊያው ልመለስና ልጨርስ። ሽማግሌው ከኪሴ ብቅ ያለውን ጽሑፍ አይተው ምን እንደ ሆነ ጠየቁኝ። እንደሚሆን አድርጌ አስረዳኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና «ለዚያ ለሞተው ኮከብ ስም አወጡለት?» አሉኝ።

«ፍንዳታው ስም አለው፣ አዴር» አልኩ፤ «ስሙ የታየበት ቀን ነው። ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን አከታትለው ይጽፉታል።»

«ጥሩ አድርገዋል» አሉ። ከዚያም እጃቸውን በምርኩዛቸው ላይ አጣጥፈው፣ «እኔ የወንድሜ ስም አለኝ፤ ቀኑ ግን የለኝም» አሉኝ።

ተሳፋሪዎች ተጠሩ። ሻንጣቸውን ተቀበልኳቸውና ጎን ለጎን ወደ ሜዳው ወጣን።